የአባቴ የጣሊያን ቫን

ወንድሜን በክሪክ ብረት የመታሁት በአንዲት አሮጌ መኪና ምክንያት ነው። ታላቄ ነው፤ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች፤ ጣሊያን አገር የተሠራች፣ አፍንጫዋ ድፍጥጥ ያለ የዕቃ ቫን። እንደሷ ያለ በባሕር ዳር ሌላ አይቼ አላውቅም። አባቴ ከወረታና ከቆላ ድባ ጨርቅና እህል ሲያመላልሱባት ኖረው፣ ሞተሯ አልነሣ ሲላቸው ግቢያችን ጥግ አቆሟት። እሳቸው ከሞቱ በኋላ የጣና እርጥበት ወለሏን በላው። እኔ ግን ላድሳት ቆርጬ ነበር። ከፋብሪካ ስወጣ በየማታው ዝገቷን እፍቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ከመራዊ ያገኘሁትን አሮጌ የፊት መብራት ይዤ ስመለስ፣ ወንድሜ ብረት የሚቆርጥ ሰው አምጥቷል። የኋላ በሯ ተቆርጦ ሣሩ ላይ ተጋድሟል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ትውጣ። ግቢው ይጽዳ።»

«የአባባን መኪና?»

«አትጠይቀኝ። ቤት ግባ።»

ገፋሁት። በጥፊ አጮለኝ። ጆሮዬ እየጮኸ የክሪኩን ብረት ከመሬት አነሣሁና አገጩ ላይ አሳረፍሁበት። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የምሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ወደቀ። የወደቀውን ደግሜ ትከሻውን መታሁት። ለሦስተኛ ስሰነዝር ቆራጩ ከኋላዬ አንቆ ያዘኝ። ወንድሜ ሁለት ጥርሱን ከነደሙ መዳፉ ላይ ተፋ።

እናታችን ሮጣ ወጣች። ጎኑ ተንበርክካ በነጠላዋ አፉን ያዘችለትና ቀና ብላ አየችኝ።

«ቆራጩን አምጣልኝ ያልሁት እኔ ነኝ» አለችኝ።

«ለምን፣ እማ?»

«አባታችሁ ሲደበድበኝ ጎረቤት እንዳይሰማ እዚያች መኪና ውስጥ ይዘጋብኝ ነበር። ወላሂ፣ ስንት ዓመት ሙሉ በመስኮት ሳያት ኖርሁ። ይኼ በልጅነቱ አይቷል። ለአንተ እንዳይነግርህ ያስማልሁት እኔ ነኝ።»

ብረቱ ከእጄ ወደቀ።

ወንድሜን በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድሁት። መንገዱን ሙሉ እጄን ጨምቆ ይዞ ነበር፤ ይቅር ብሎኝ ይሁን ሕመሙ ጠንቶበት አላወቅሁም። አገጩን በሽቦ አሰሩለት። ሽቦው እስኪፈታለት ድረስ አጥሚት እያቀጠንሁ በቀሰም ያጠጣሁት እኔ ነኝ። መናገር ሲችል መጀመሪያ ያለኝ፣ «ጨው ታበዛለህ» ነው።

ከጠባችን በኋላ ባለው ሰኞ ቆራጩን ራሴ ጠራሁት። እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው አየች። የመጨረሻው ቁራጭ ጋሪ ላይ ሲጫን፣ «መሬቱን ጥረገው» አለችኝ። ጠረግሁ።

አባቴን እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ። ይህን ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም።