ከአባቴ መንደር የመጣችው

በዚያን ጊዜ እስራኤል፣ በረሆቮት ባቡር ጣቢያ በር ላይ ዘበኛ ነበርኩ። ከሠራዊት ከወጣሁ ወዲህ ትምህርት አልገባም ብዬ፣ ቀን የሰው ቦርሳ እየፈተሽኩ፣ ቤት ስገባ ግጥም እጽፍ ነበር። አማርኛ ማንበብ ያስተማረኝ የለም። ፊደሉን ከአጎቴ የጸሎት መጽሐፍና እቃ ተጠቅልሎበት ከመጣ አሮጌ ጋዜጣ ለቃቅሜ ነው የተማርኩት። የምጽፈው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሕፃንነቴ፣ በአባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ ስለወጣሁባት መንደር። አንድም ነገር አላስታውስም። ስለዚህ ወንዙንም ዛፉንም ራሴ ፈጠርኩ። አባቴን ስጠይቀው፣ "ምን ያደርግልሃል? አለፈ እኮ" ይለኝና ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ያዞራል። ስንት ዓመት ለመንኩት። አንዲት ቀን ብቻ ቁጭ ብሎ እንዲነግረኝ ነበር የምፈልገው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአንዲት ልጅ ቦርሳ ስከፍት፣ ዕቃውን ከማየቴ በፊት ሽታው መጣ። ጭስና ቅቤ የጠገበ ጋቢ ነው። ቀና አልኩ። ፊቷ በፀሐይ የተላጠ ነጭ ልጅ ናት፣ በእኔ ዕድሜ የምትሆን።

"እንደምን ዋልህ?" አለችኝ።

አነጋገሯ የእናቴ ነበር። የእኔ አማርኛ እንኳ እንደዚያ አይደለም፤ የእኔው ሰፈር ውስጥ ያደገ፣ ግማሹ ዕብራይስጥ የሆነ አማርኛ ነው። ተናደድኩና በዕብራይስጥ መለስኩላት። እሷ ግን በአማርኛ ቀጠለች።

"አንድ ሰው እፈልጋለሁ። ቀጥቃጭ ነበሩ። ረዥም ናቸው፣ ግራ እጃቸው ላይ የእሳት ጠባሳ አለ። ረሆቮት ነው ያሉት ተብያለሁ። ያገኘሁትን ኢትዮጵያዊ ዘበኛ ሁሉ እየጠየቅኩ ነው።"

ከኋላዋ የተሰለፈ ወታደር "ኑ፣ ያላ፣ ቶሎ በሉ! ባቡሩ ሊያመልጠን ነው" ብሎ ጮኸ። የምትፈልገው ሰው አባቴ ነው። አላውቅም ብላት ማንም አይጠይቀኝም ነበር፤ አስቤውም ነበር። ነገር ግን አፌ ቀደመኝና ቤታችንን ነገርኳት።

ልጅቷ ምትናደቬት ሆና፣ ማለት በጎ ፈቃደኛ ሆና፣ በአባቴ መንደር ከዓመት በላይ ኖራ መመለሷ ነው። የችግኝ ጣቢያ ነበራቸው። አሁን እዚሁ ረሆቮት የእርሻ ትምህርት ጀምራለች። የኖረችው ከአንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ነው፤ ሰውዬው የአባቴ የልብ ወዳጅ ነበሩ። እኛ በደርግ ጊዜ ወደ ሱዳን በጨለማ ስንወጣ ከኋላችን ቤታችንን የዘጉ፣ ከብቶቻችንን ያሰማሩ፣ ሹሞቹ ሲመጡ "ሰርግ ሄደዋል" ብለው የዋሹልን እሳቸው ናቸው። ይህንን ራሱ የሰማሁት ለእሷ ሲነገር ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ከሰንበት መግቢያ በፊት ትመጣለች። አባቴ በዚያን ሰዓት ቤት አይገኝም፤ ክፋር ማርሞሬክ በሚባለው ሰፈር አንድ የመናዊ ሽማግሌ ከጓሯቸው ጥግ ቆርሰው በሰጡት መሬት ላይ ጌሾና ጤና አዳም ይኮተኩታል። እሷም ቀጥታ ወደዚያ ትሄዳለች። እኔ ከሥራ ስመለስ አጥሩ ጋ ስደርስ የሁለቱ ሳቅ ይቀበለኛል። አባቴ እንደሚስቅ አላውቅም ነበር።

"ውኃው አሁንም ከታች ነው የሚቀዳው?" ይላታል።

"ከታች ነው አባባ። መጀመሪያ ቀን እንስራውን እንደ ሴቶቹ በጀርባዬ አዝዬ ስወጣ ዳገቱ መሐል ለቀቅሁት። ተሰበረ። ልጆቹ ሁሉ 'ፈረንጅ ዳገቱን በውኃ አረሰች!' እያሉ እስከ ቤት ሸኙኝ።"

"በውኃ አረሰች!" አባቴ መኮትኮቻውን ጥሎ ይስቃል። "ኧረ እናታቸውን! ከዚያስ?"

ከዚያማ መቼ ያልቅና። ጠዋት ከወፍ ጋር እንደምትነሳ፣ መደቡ ላይ ያለው ቁንጫ እግሯን እንዴት እንዳደረገው፣ በጾም ወራት ወተት ሲጠፋ ሽሮ ብቻ እየበላች እንደከረመች፣ ችግኙን ፍየል በልቶባት ባለፍየሏን ልትከስ ሄዳ ጠላ ጠጥታ እንደተመለሰች ትነግረዋለች። ገበያው ቅዳሜ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ እወጣ ነበር አለችው አንዴ። አባቴ በሰንበት ክብሪት የማይነካ ሰው ነው። እኔ ብሆን ኖሮ ያን ቀን ሙሉ ይገሥጸኝ ነበር። እሷን ግን አየት አድርጎ፣ "በርበሬው እንዴት ነበር?" አላት።

እኔ ቆሜ እሰማለሁ፣ ወይም የምሰማ አልመስልም። አንድ ቀን ግን አላስቻለኝም።

"አንቺን አቅፈው ሳሙሽ፣ ከገበታቸው አበሉሽ" አልኳት። "አባቴን ቡዳ እያሉ ልጆቻቸውን ሲደብቁበት ነበር። ጅብ ይሆናል ይሉት ነበር። እንደ እሱ አይሁድ መሆንሽን ነገርሻቸው?"

"ነገርኳቸው" አለች፣ ፊቷ ቀልቶ። "ሳቁብኝ። 'አንቺማ ነጭ ነሽ' አሉኝ።"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። "እንግዳ እንዲህ ይባላል? እኛስ ብንሆን መቼ አብረን በላን? ቢነኩን ወንዝ ወርደን እንታጠብ አልነበር? ሂድ፣ ያንን ባልዲ አምጣ።"

ባልዲውን አመጣሁ። ከዚያ በኋላ እሷ ስትመጣ መውጣት ጀመርኩ።

ቤትም ያው ነው። እናቴ የምትወደውን ቁራሽ እየመረጠች ታጎርሳታለች። "ብይ የኔ ልጅ፣ እዚያ ያከሳሽ ሽሮ ነው።" እኔን ደግሞ፣ "አንተ ምነው እንደ ዘበኛ በር በር ትላለህ?" ትለኛለች። "ዘበኛ ነኝ እኮ እማዬ" እላለሁ። ትስቃለች፣ ልጅቷም ትስቃለች። እኔ ብቻ አልስቅም።

ከሁሉ የከፋው ግጥሙ ነው። እናቴ "ልጄ እኮ ስለ አገራችን ይጽፋል" ብላ ለመነችኝና አነበብኩ። ወንዙ ዳር ትልቅ ዋርካ ነበር፣ ከሥሩ ያደግኩበት። ልጅቷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችና በትህትና፣ "በጣም ያምራል። ወንዙ ዳር ግን ዋርካ የለም፣ ቀርከሃ ነው" አለች። አባቴም፣ "ቀርከሃ ነው እንጂ! እውነቷን ነው። ዋርካ ከየት አመጣኸው?" አለ። ከዚያ ስለ ቀርከሃው ተጫወቱ። እኔ ሳልወድ በግድ ሰማሁ፤ ያን ሁሉ ዓመት የለመንኩት ወሬ እንደ ዝናብ ወረደ፤ ቀርከሃውን ማን እንደተከለው፣ ወናፉን ከየትኛው ፍየል ቆዳ እንዳበጀው፣ የማን ማረሻ ቶሎ እንደሚዶለዱም። ለእሷ ነው የሚወርደው። እኔ ከጎን እረጥባለሁ።

ሆኖም ዓይኔ ሥራ አይፈታም፤ ቦርሳ መፈተሽ ያስለመደኝ ነገር አለ። ሰው የሚደብቀው ነገር ሲኖረው እጁ ቦታ ያጣል። አባቴ ስለ ፍየሉም ስለ ዳገቱም ሲጠይቃት ታሪኩን ትዘረጋዋለች። "ወዳጄስ?" ሲላት ግን፣ "ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለዋል" ብላ ውኃ ትቀዳለች፣ ወይም ቅጠል ትለቅማለች። ሁልጊዜ ያቺው አንዲት ቃል ናት። የሰውዬውን ወሬ ለራሷ ያስቀረችብን መሰለኝ። ያን ያህል ነበር የቀናሁት፤ ያልነገረችንን እንኳ ተመኘሁባት።

አንድ ዓርብ እናቴ፣ "አውቶቡስ ድረስ ሸኛት፣ ሰንበት ሊገባ ነው" ብላ አዘዘችኝ። ሄርዝል ጎዳና ላይ ሱቆቹ መዝጊያቸውን እያወረዱ ነበር። ፌርማታው ጋ ስንደርስ አላስችል አለኝ።

"ስለ አባቴ ወዳጅ ለምን ትደብቂያለሽ? የምታውቂውን ለምን አትነግሪውም?"

በዕብራይስጥ፣ "እስክትጠይቀኝ ስጠብቅ ነበር" አለችኝ። ቀጥላ በአማርኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አርፈዋል" አለች። "በሐምሌ። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ፣ አፈር አልብሻለሁ።"

"ታዲያ ሲጠይቅሽ ደህና ናቸው ትይዋለሽ?"

እንደ ሞኝ አየችኝ። "ምን ልበላቸው? ጓሮ ቆመው ጌሾ እየኮተኮቱ፣ ሞቱ ልበላቸው? መርዶ እንዲያ ይነገራል እንዴ? ባለቤታቸው ናቸው ያስጠነቀቁኝ። 'ሲጠይቅሽ ደህና ነው በይ። ልጅ ካለው ለልጁ ንገሪ፣ ልጁ ያውቅበታል' አሉኝ። አንተ ደግሞ እኔ ስገባ ትወጣለህ።"

አውቶቡሱ መጣ። ተሳፍራ በመስኮቱ እጇን ስታወዛውዝልኝ መልስ አልሰጠኋትም። ልጁ ያውቅበታል። ልጁ አያውቅበትም። እሷ ግን እዚያ ሆና ተምራው መጥታለች። ቤት ገብቼ የሰንበትን ራት ከአባቴ ጋር በአንድ ገበታ በላሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያች መንደር የእኔ የሆነ ነገር ያዝኩ፤ እሱም ሞት ነው።

ሰንበት እንደወጣ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። የእናቴ ወንድም ነው፣ ቀልደኛ።

"ገጣሚ ነኝ ትላለህ፣ መርዶ አታውቅም?" አለኝ። "በል ስማ። ሲመሽ አይነገርም፣ ሌሊቱን ብቻውን ይታገላል። በባዶ ሆዱ አይነገርም። ብቻውን ሆኖ አይነገርም። በስልክማ ጭራሽ! እዚህ አገር የመጣ ብልግና ነው። ነገ በጠዋት ቁርሱን ይብላ፣ እኛ እንመጣለን። ሥራ እንዳይሄድ ያዘው።"

"ማን ይነግረዋል?"

"አንተ ነሃ። ለአንተ አይደል የተላከው? እኛ ግራና ቀኝ እንይዘዋለን። ልጅቷንም ጥራት፤ ቀብሩን ያየ ሰው ያስፈልጋል።"

"እሷ የግድ ናት?"

አጎቴ አየኝ። ያወቀብኝ መሰለኝ። "ቤሰደር፣ እሺ" አለ፣ "ቀብሩ ላይ አንተ ነበርክ?"

ጠዋት አባቴ ቂጣውን በሻይ በላ። ጫማውን ሲያስር በሩ ተንኳኳና አጎቴ ከአራት ሽማግሌዎች ጋር ነጠላቸውን አገልድመው ገቡ። እንደምን አደርክ አላሉም። ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ። አባቴ የጫማውን ማሰሪያ እንደያዘ አንድ በአንድ አያቸው። ወዲያው የዘመዶቻችንን ስም በልቡ የሚቆጥር ይመስል ነበር። አጎቴ በአገጩ ጠቆመኝ።

በቤቱ መሐል ቆምኩ። ያን ሁሉ ግጥም የጻፍኩ ሰው ቃል አጣሁ።

"አባዬ" አልኩ፣ "ወዳጅህ... ደጃችንን የዘጉልን ሰው... አርፈዋል።"

አባቴ አልጮኸም። ማሰሪያውን ለቀቀና ጫማውን አወለቀ። ከዚያ ተነሥቶ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ፣ ሽማግሌዎቹም ተነሥተው ያዙት። ልጅቷ እናቴን ተከትላ ከማድቤት ወጣች፤ ጠዋት አባቴ ሳይነሣ ገብታ ነበር። ነጠላዋን እንደ ኀዘንተኛ ገልብጣ ለብሳለች። አባቴ ሲያያት፣ "አየሽው? ደህና አድርገው ቀበሩት?" አላት።

"አየሁ አባባ። ሰው ሜዳውን ሞልቶት ነበር። እኔም አፈር አልብሻለሁ።"

"በየትኛው እጅሽ?"

ቀኝ እጇን ዘረጋች። አባቴ እጇን በሁለት እጁ ያዘና ከጎኑ አስቀመጣት፣ አልለቀቃትምም። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ሰው ሞቶ፣ አባቴ እያለቀሰ፣ እኔ ዓይኔ ያረፈው እነዚያ እጆች ላይ ነው። እኔን እጄን ይዞኝ የሚያውቀው መንገድ ስንሻገር ነበር፣ ልጅ ሳለሁ።

ከዚያ አባቴ ማንጎራጎር ጀመረ። ድምፁ የሌላ ሰው ነበር።

"ማረሻህ ሲዶለዱም ማን ነው የሳለልህ፣
እሳቴን ይዤብህ ሩቅ አገር ሄድኩብህ።"

ሽማግሌዎቹ "ወዮ!" ብለው ተቀበሉት። ይህ ሰው ግጥም ያውቃል። ያለ ወረቀት፣ ያለ ዋርካ፣ ቆሞ ያፈልቀዋል፤ እኔ ግን አንድም ቀን አልሰማሁትም። በሟቹ ቀናሁ። ለእሳቸው ነው ያስቀመጠው አልኩ። አባቴ ትንፋሹን ሰበሰበ፦

"ስሸሽ በጨለማ ደጄን የዘጋልኝ፣
ሞቱን በሰው አገር ልጄ ነው ያረዳኝ።"

አባቴ ይህን አገር የሰው አገር ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ ኢየሩሳሌም ብሎ የመጣበት ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ ያንን አልሰማሁም። ልጄ ያለውን ነው የሰማሁት። አንዴ ብቻ አለው። ሽማግሌዎቹ ተቀበሉት፣ ስንኙ ወደ ሌላ ሄደ፣ ስለ ከብቶቹ፣ ስለ ቀርከሃው።

ልጅቷን አየኋት። ሰማሽ ወይ? ልላት ፈለግኩ። እኔ ነኝ እኮ፣ እዚያ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ። እሷ ግን እጇን አባቴ እንደያዘው አቀርቅራ፣ ከዓመት በላይ በግቢያቸው ያኖሯትን ሰው ታለቅስ ነበር።

ጎረቤቶች እየገቡ ነው። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ፣ "ወንበር አነሰ" አለችኝ። ከታች ጎረቤት ላመጣ ወረድኩ። ልጄ የሚለውን ስንኝ እንዳይጠፋብኝ ደረጃ ለደረጃ እየደገምኩት ወረድኩ።