ከኮሶዬ እስከ ጎንደር ራሴን አማሁ

ይህ የሆነው የዛሬ ሦስት ዓመት በጥቅምት ነው። ዛሬም ቆሎ ባየሁ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

ኳስ ተጫዋች ነበርኩ፤ የመሀል ተከላካይ። ታዋቂ ነበርኩ ብዬ አልዋሽም። በአሥራ አንድ ዓመት ሰባት ክለብ ቀያይሬያለሁ። እናቴ ስልክ ስታነሳ "ደግሞ አሁን የት ነህ?" ነው የምትለኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን ያገባሁት አንድ ጎል ብቻ ነው። እሷንም፣ ዕድሌ ሆኖ፣ በጎንደር ቡድን ላይ። በመጨረሻው ደቂቃ፣ ከማዕዘን ምት፣ በጭንቅላቴ! በዚያች ጎል ምክንያት ቡድኑ ከሊጉ ወረደ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ክለብ አጥቼ ደባርቅ እናቴ ቤት ተቀምጬ ሳለ ስልክ ተደወለልኝ። ወደ ሊጉ የተመለሰው ያው የጎንደር ቡድን አሠልጣኝ ነበር። "ተከላካዬ ተጎድቶብኛል። ነገ ስምንት ሰዓት የሙከራ ጨዋታ አለ። ከቀረህ ሌላ ሰው አለኝ" አለኝ። ዕድሜዬ ሠላሳ ሦስት ደርሷል። ይህች ካመለጠችኝ ኳስ በቃኝ ማለት ነው።

በማግስቱ ወደ ጎንደር የተሳፈርኩበት ሚኒባስ፣ መንገዱ ገደል አፋፍ በሚሄድበት ኮሶዬ ላይ ጎማው ፈነዳ። ትርፍ ጎማውም ተንፍሶ ተገኘ። ሰዓቱ ስድስት ተኩል! መንገድ ዳር ቆሜ እጄን ሳወዛውዝ ድንች የጫነ ማኪና ቆመልኝ። ሹፌሩ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ አያ ደምሴ የሚባሉ ሰው ነበሩ።

"ግባ እንጂ፣ ምነው ብርድ ላይ ትቆማለህ?" አሉኝና ገና በሩን ሳልዘጋ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ሰጡኝ።

ትንሽ እንደሄድን የኳስ ወሬ ተጀመረ። "ያ ያወረደን ረጅሙ ተከላካይ! ያን ቀን ራት ሳልበላ ነው የተኛሁ። አንድ ቀን ባገኘው..." ብለው መሪውን በቡጢ መቱት። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ጺሜን አሳድጌ ስለነበር አላወቁኝም። ብናገር እዚያው ገደሉ አፋፍ ላይ ያወርዱኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ አብሬያቸው ማማት ጀመርኩ።

"እሱማ ምኑ ተጫዋች ነው!" አልኩ። "ግራ እግሩ ለመቆሚያ ብቻ ነው። ለመዞር እንደ ጭነት ማኪና ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ከኋላው ኳስ ከተጣለማ አለቀለት።"

"በለው! አንተስ ኳስ ታውቃለህ!" ብለው ሌላ እፍኝ ጨመሩልኝ። እኔም ሞቅ አለኝና ቀጠልኩ። የሚገርመው፣ ካልኩት ውስጥ አንድም ውሸት አልነበረም።

ሜዳው በር ላይ ስንደርስ "እዚህ ያውርዱኝ፣ ወንድሜ ሙከራ አለው" አልኳቸው። "እንዲያ ከሆነማ አይቼው ልሂድ" ብለው ማኪናቸውን አቆሙ። ወይ ጉድ! ገና ስንገባ አሠልጣኙ ስሜን ከነአባቴ ጠራኝ።

አያ ደምሴ ዞረው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "ቆሎዬን እየቆረጠምህ?" አሉ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ይቅር ይበሉኝ፣ አያ" ብዬ ልብሴን ልቀይር ሮጥኩ።

የሄዱ መስሎኝ ነበር። ጨዋታው ሲጀመር ግን ከመስመሩ ዳር ያ ድምፅ መጣ። "ከኋላህ! ከኋላህ ይጥሉብሃል ብለኸኝ የለ!" ደግሞ ትንሽ ቆይተው "ቶሎ ዙር፣ አንት ጭነት ማኪና!" ሰው ይስቃል፣ እኔ በእልህ እሮጣለሁ። ጉዴን ሁሉ በገዛ አፌ ነግሬያቸው የት ልደበቅ? ማለቂያው ላይ ኳሷ በረኛውን አልፋ ወደ ጎል ስትሄድ "ግራ!" ብለው ጮኹ። ሳላስበው በግራ እግሬ ከመስመሩ ላይ ጠረግኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተጫውቼ አላውቅም።

ማታውኑ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲያ ሦስት የውድድር ዘመን ተጫወትኩ፤ አያ ደምሴም ጎንደር ላይ አንድ ጨዋታ ሳይቀሩ ሰደቡኝ።

ባለፈው ሰኔ የመጨረሻ ጨዋታዬን ስጨርስ ወደ ሜዳው ወርደው መጡ። እጄን ዘርግተው አንድ እፍኝ ቆሎ አስጨበጡኝና ጆሮዬ ሥር "ግራ እግርህ ሸጋ ነበር። እንዳትኮራ ብዬ ነው ዝም ያልኩ" አሉኝ። ያን ቆሎ እየቆረጠምኩ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ አለቀስኩ።

ስምንት ክለብ ዞሬ የእኔ የምለው ደጋፊ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው። እሱንም ያገኘሁት ራሴን አምቼ ነው።