«በማርያም» የተባለ ይልቀቅ

ወረታ ላይ ክረምት ሲገባ ከሩዝ መፈልፈያ ቤቶቹ ጓሮ የሚነሣ አንድ ሽታ አለ። ከበጋ ጀምሮ የተቆለለው የሩዝ ገለፈት ዝናብ ሲነካው መጀመሪያ እንደ ደረቅ ሣር፣ ሰንበት ሲል ደግሞ እንደ ኮመጠጠ ሊጥ ይሸታል። ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔ ባለፈው ሰኔ አንድ ኩንታል ሩዝ ላስፈለፍል ሄጄ እዚያ ክምር አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። የማዳበሪያ ጆንያ ጉንጬን የሚፍቀኝ፣ ላብና አቧራ አፌ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ቀጥሎም እንደ ልማዴ ተናደድሁ። ጋሽ ታደለን ሳስታውስ ከናፍቆት ቀድሞ የሚመጣው ንዴት ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ሰው መናደድ ደግሞ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ።

ጋሽ ታደለ ስምንተኛ ክፍል ሳለን ከናዝሬት ተመድበው የመጡ የስፖርት መምህራችን ነበሩ። ያን ጊዜ ከሃያ ስድስት ዓመት አይዘሉም። ዛሬ እኔ ከያኔው ዕድሜያቸው እበልጣለሁ፤ ምላሴ ግን እስካሁን «እሱ» ማለት እንቢ ይለኛል። ከጎኑ ሁለት ነጭ መስመር ያለው፣ ጉልበቱ የነጣ ሰማያዊ ቱታ ነበራቸው። ፊሽካቸው አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠለው በጫማ ክር ነው። ናዝሬት ሁለት ዓመት ካራቴ ተምረው ጥቁር ቀበቶ ሳይደርሱ እንደተዉት በኋላ ራሳቸው ነግረውናል። እኛ ግን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ያየናቸውን፣ እየበረሩ የሚማቱ ሰዎች ሁሉ እሳቸው ውስጥ አየናቸው።

የጨዋታው መነሻ ውርደት ነው፤ ይህን ማንም አይክደኝም። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጋሽ ታደለ እርግጫ ሊያሳዩን ፈለጉና ሙሉቀንን ፊታቸው አቆሙት። ሙሉቀን የእትዬ ጥሩ ልጅ፣ ጎረቤቴና የዴስክ ጓደኛዬ ነው። እናቱ ይፋግ ገበያ ሽንኩርት ስለሚሸጡ ጆንያ ሲያነሣና ሲጥል ነው ያደገው። ጋሽ ታደለ እግራቸውን አንሥተው ደረቱ ጋ ሲያደርሱ ጥፍር አድርጎ ያዘው፤ ሌላውን እግራቸውን ጠለፈና ጭቃው ላይ በጀርባቸው ዘረራቸው። ሁላችንም ልምጭ መጠበቅ ጀመርን። እሳቸው ተነሡ፣ ቱታቸውን አራገፉና፣ «እስቲ ድገመው» አሉት። ሦስት ጊዜ ደገመው። በሦስተኛው ላይ እየሳቁ ነበር።

በሳምንቱ ባለ ወፍራም ሽፋን ደብተር ይዘው መጡ። የናዝሬቱን እርግጫና የፎገራውን ትግል አጋብተውታል። ደብተሩ ላይ «የፎገራ ቅልቅል ፍልሚያ» ብለው ጽፈው ነበር፤ በዚያ ስም ግን ከሳቸው በቀር የጠራው የለም፤ ለእኛ «ርገጥና ጣል» ነው። ምንጣፉን ራሳችን ሠራነው፤ የማዳበሪያ ጆንያ በሲባጎ እየሰፋን የሩዝ ገለፈት ጠቀጠቅንበት። መርገጥ ከቀበቶ በላይ፣ ከብብት በታች ብቻ ነው። ጡጫ የለም፣ ጭንቅላትም አይነካም፤ «ከጭንቅላታችሁ ጋር ገና ብዙ ሥራ አለኝ» ይሉ ነበር። የረገጠህን እግር ይዘህ መጣል ትችላለህ፤ ይዘህ መጎተት ግን አይፈቀድም። የወደቀው ሁለት ትከሻው ጆንያውን እንደነካ ዐሥር ከተቆጠረበት አበቃለት። ሰዓት ስለሌለን አንድ ዙር የሚያልቀው አንድ ተማሪ ሜዳውን ሮጦ ሲዞር ነው፤ የተሸናፊው ወገን ሯጩን «ፍጠን!» እያለ ሲያሳድደው ጨዋታው ሁለት ይሆን ነበር።

ሰባተኛው ደንብ ነው ጣጣው። በሌላው አገር የተሸነፈ ሰው መሬቱን በእጁ ሦስት ጊዜ ይመታና ይለቀቃል። ጋሽ ታደለ ይህን ሊያስተምሩን ሞከሩ፤ ማን ሊመታ! «ተሸነፍሁ» ከማለት ክንዱ ቢወልቅ የሚመርጥ ልጅ ብቻ ነው የተሰበሰበው። አንድ ቅዳሜ ታዲያ የገበያው መንገድ ላይ ሁለት ጎልማሶች ዱላ ሲማዘዙ አዩ። አምስት ወንድ ይዞ ያላቆማቸውን፣ አንዲት ሴት ነጠላዋን መሬት ላይ ጥላ «በማርያም!» ብትል ሁለቱም ዱላቸውን ጣሉ። ሰኞ ደብተሩ ላይ እንዲህ የሚል ሰፈረ፦ «በማርያም ወይም በነቢ የተባለ ወዲያው ይልቀቅ፤ የተለመነለት ተሸናፊ፣ የለቀቀው አሸናፊ ነው።»

«ማን ሲል ነው ጋሼ?» አልኋቸው።

«ማንም ይበል» አሉ። «ተጋጣሚውም፣ ዳር የቆመም።»

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ከዞን ሦስት ሰዎች ሊያዩን መጡ። ነገሩ የዋዛ አልነበረም። ርእሰ መምህሩ «ድብድብ የሚያስተምር መምህር አልፈልግም» ብለው ጋሽ ታደለ እንዲቀየሩ ጽፈዋል። ዞኑ ጨዋታውን ከተቀበለው ይቀራሉ፤ ካልተቀበለው ይሄዳሉ። የመጨረሻውን ግጥሚያ የምንጋጠመው እኔና ሙሉቀን ነን። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ጥዬው አላውቅም። ያን ቀን ጣልሁት። በሁለተኛው ዙር እግሬን ሊይዝ ሲያጎነብስ ገፍቼ በጀርባው አጋደምሁት፤ ሙሉ ክብደቴን ላዩ ላይ ጥዬ ክንዱን በጉልበቴ ያዝሁት። ከዞን የመጡት ዳኛ መቁጠር ጀመሩ። ስድስት ላይ ሲደርሱ፣ ገና ከይፋግ የገቡት እትዬ ጥሩ የሽንኩርት ዘንቢላቸውን ጥለው እየሮጡ መጡ።

«በማርያም! ልጀን ልቀቀው! በማርያም!»

ለቀቅሁ። ምን ላድርግ? ደንቡም ነው፣ አስተዳደጌም ነው። ቀና ስል ሙሉቀን ተገልብጦ ላዬ ላይ ወጣ። ዳኛው የደብተሩን ሁለተኛ ገጽ ያነበቡት አይመስለኝም፤ በእኔ ላይ ዐሥር ቆጠሩና የሙሉቀንን እጅ አነሡ።

ሜዳው ተናወጠ። ግማሹ «የለቀቀው ነው ያሸነፈ!» ይላል፤ ግማሹ ዳኛውን ይሳደባል። ይባስ ብሎ ሽማግሌዎች ገቡበት። በእኛ አገር ሁለት ሰው ተያይዞ በማርያም ከተባለ ነገሩ በእርቅ ሳያልቅ አይበተንም። አንድ ሽማግሌ እኔንና ሙሉቀንን በአንገታችን ይዘው ጆንያው መካከል አቆሙን።

«በሉ ልጆቼ፣ ተሳሳሙ። ምንድን ነው ያጣላችሁ?»

«አልተጣላንም አባባ፣ ግጥሚያ ነው» አልሁ።

«ግጥሚያስ ቢሆን፣ ያለ ነገር ይጋጠሙታል? የድንበር ነው?»

ከዞን የመጡት ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ አለቀስሁ።

ውሳኔያቸው ክፉ አልነበረም። ሰባተኛው ደንብ ይውጣ፣ በምትኩ እጁን ሦስት ጊዜ የመታ ይለቀቅ፣ ያን ጊዜ እንቀበለዋለን አሉ። ጋሽ ታደለ እንቢ አሉ። ሰው ሁሉ ፊት፣ «አንድ መስመር እኮ ነው ጋሼ! ይሰርዙታ!» ብዬ ጮኽሁባቸው። መጀመሪያ ጆንያውን፣ ቀጥለው እኔን አዩ።

«ሰባተኛው ከወጣ ይህን ጨዋታ ለልጅ አላስተምርም» አሉ።

ሐምሌ ላይ፣ የርብ ወንዝ ሜዳውን ሞልቶ መንገዱ ብቻ ሲታይ፣ ፍራሻቸውንና አንዲት ሻንጣ አይሱዙ ላይ ጭነው ሄዱ። ቤታችን ሊሰናበቱ ሲመጡ በጓሮ ወጥቼ ጠፋሁ። ጆንያዎቹን ትምህርት ቤቱ ፈትቶ ለጥበቃው ሰጠ። ሙሉቀንን ዓመት ያህል አኮረፍሁት፤ እትዬ ጥሩንም ሰላም የምላቸው እናቴ ስትቆነጥጠኝ ብቻ ነበር። ካደግሁም በኋላ አልወጣልኝም። የዛሬ ልጆች ከስልክ ያዩትን ፍልሚያ ሜዳ ላይ ሲለማመዱ ባየሁ ቁጥር፣ «ይህ እኮ እዚህ ነበር፤ አንድ ግትር መምህር ለአንዲት መስመር ብሎ ቀበረው» እላለሁ። ትዳር ይዤ፣ ልጅ ወልጄ፣ ለሠርግ በተቀመጥሁበት ሁሉ ይህንኑ ሳወራ ሰው ሰልችቶታል። የጋሽ ታደለ ስም በወረታ የሚነሣ ከሆነ በእኔ አፍ ነው፤ ያውም ለክፉ።

መስከረም ላይ እትዬ ጥሩ አረፉ። በሰልስቱ ድንኳን ውስጥ አግዳሚው ላይ ከሙሉቀን ጎን ተቀምጬ ነበር። አንድ ሰው ስለ ልጅነታችን አንሥቶ፣ እኔም አመሌ ነውና፣ የጋሽ ታደለን ግትርነት ጀመርሁ። ሙሉቀን እጄን ያዘኝ።

«እማማ ስላለፈች አሁን ልንገርህ» አለ። «ያን ቀን እኔ ምን ሁኘ እንደነበር ታውቃለህ?»

«ተሸንፈህ ነበራ።»

«ትከሻህ ጉሮሮየ ላይ ነበር። እጀን እንዳልመታ ከጉልበትህ ሥር ነው። በማርያም እንዳልል ድምፅ የለኝም። እናቴ ስትደርስ እኮ ዓይኔ ጨልሞ ነበር። ስትለቀኝም ላሸንፍህ አይደለም የተገለበጥሁ፤ አየር ፍለጋ ነው እንጅ።»

«ማንም አላየም?» አልሁት።

«ጋሽ ታደለ አይተዋል። እሳቸው ሲነሡ እማማ ቀደመቻቸው። ያኔውኑ ቤት መጥተው እኔንም እማማንም አስማሉን። ‹ጓደኛየን ልገድል ነበር እያለ እንዳያድግ፤ እኔን ይጥላኝ› አሉ። እማማም ‹እኔ በሕይወት እያለሁ ትንፍሽ እንዳትል› አለችኝ።»

«ይቅር በለኝ» አልሁት።

«ኧረ ተው፣ እኔማ ድሮ ረስቸዋለሁ» አለና ለሚገቡ ለቀስተኞች ተነሣ።

በማግስቱ ናዝሬት ዘመድ ያለው ሰው ፈልጌ አስጠየቅሁ። ጋሽ ታደለ ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ማልቀስ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ተናደድሁ። ያን ሁሉ ዘመን እሳቸው የእኔን ስም ሲጠብቁልኝ፣ እኔ የሳቸውን ሳጠፋ ኖርሁ፤ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው እንኳ ሳይተዉልኝ ሄዱ።