የማይቃጠለው እጄ

መጀመሪያ የጠፋብኝ ሙቀት ነው። ቱርሚ፣ በካቶሊክ ሚሽኑ ወጥ ቤት ውስጥ፣ የፈላ ማንቆርቆሪያ ከእሳት ላይ በባዶ ቀኝ እጄ አነሳሁ። የብረት እጀታው ግሏል። ጨርቅ አልያዝኩም። ምንም አልተሰማኝም። ምግብ የምታበስልልን ማርታ፣ ከወላይታ የመጣች ፕሮቴስታንት ናት፣ ሽንኩርት መክተፏን ትታ አየችኝና «ብራዘር፣ እጅህ ነው ጉጠት?» አለችኝ።

እኔ ደግሞ ሲያደንቁኝ ደስ ይለኛል። አልደብቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንቆርቆሪያ ማንሳት የኔ ሥራ ሆነ።

ብራዘር የሚሉት ለክህነት የሚማረውን ሰው ነው። ያኔ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከዘርዐ ክህነት ለአንድ ዓመት የሥራ ልምምድ ነው ቱርሚ የተላክሁት። ጓደኞቼ ገና ጢማቸው እያቀመቀመ ነው፣ እኔ ግን ጂንካ ላይ አሥራ አምስት ዓመት የጭነት መኪና ስጠግን ኖሬ ነው እግዚአብሔር የጠራኝ። ቀደም ብሎም ጠርቶኝ ይሆናል፣ በሞተር ጩኸት አልሰማሁት ይሆናል። መካኒክነት ማንም አላስተማረኝም። አማርኛ ማንበብም ማንም አላስተማረኝም፤ ቤታችን የሚወራው አሪኛ ነው፣ ፊደሉን የለቀምኩት መኪና ጀርባ ላይ ከሚጻፍ ጥቅስ ነው። እንዲያም ሆኜ ከክፍሌ ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣውን ልጅ እስከ ዛሬ እጠረጥረዋለሁ።

ለጥምቀት የሚዘጋጁ አዋቂዎችን ትምህርተ ክርስቶስ አስተምር ነበር። አንድ ቀን እሳት ውስጥ ተጥለው ስላልተቃጠሉት ስለ ሠለስቱ ደቂቅ ሳስተምር ማንቆርቆሪያውን አስመጣሁና ፊታቸው አነሳሁት። እምነት ማለት ይሄ ነው አልኳቸው። አጨበጨቡ። ዋሌ የሚባል ሐመር ብቻ አላጨበጨበም። ሽማግሌ ነው፣ ከከብት ጋር ነው ዕድሜውን የጨረሰው። መጥቶ እጄን ያዘ፣ ገለባበጠው።

«በሬ በብረት ሲተኮስ ካልዘለለ፣ እሱ በሬ ታሟል» አለኝ።

ሳቅሁበት። አንተ የበሬውን እወቅ፣ እኔ የመጽሐፉን አውቃለሁ አልኩት። ስንት ዓመት ፍልስፍናና ነገረ መለኮት ተምሬ፣ ከአንድ በሬ ያነሰ እንደማውቅ የነገረኝ ኮርስ አልነበረም።

ነገሩ ከዚያ በፊትም ምልክት ነበረው። ቀኝ ክንዴ ላይ ነጣ ያለ፣ የማያሳክክ፣ የማያም ቦታ ወጥቶ ነበር። ጭርት ነው ብዬ ቅባት ቀባሁት። ቀጥሎ የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ መታጠፍ ጀመረች። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። ከቅዳሴ በኋላ ጽዋውን ሳጥብ ሁለት ጊዜ ከእጄ አመለጠ። ያኔ ነው የፈራሁት። ጤና ጣቢያው ሲያየኝ ጂንካ ወዳለው ሆስፒታል ጻፈልኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ጥጥ አሹላ ያዘችና «ዓይንዎን ይጨፍኑ። ስነካዎት ቦታውን በሌላው እጅዎ ያሳዩኝ» አለችኝ።

ጨፈንኩ። ጠበቅሁ። ውጭ ሰው ያስላል። ጠበቅሁ።

«ዶክተር፣ መቼ ነው የሚጀምሩት?»

«ጨርሻለሁ» አለች።

ዓይኔን ገለጥኩ። ጥጡ ትንሿ ጣቴ ላይ ነው። አየዋለሁ። አይሰማኝም።

ክርኔን ዳሰሰች። አልናር የሚባለው ነርቭ ወፍሯል አለች። ከጆሮዬ ጫፍ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ መጣ። ሥጋ ደዌ።

«ይህ በሽታ ይድናል» አለችኝ። «የሞተ ነርቭ ግን ሁልጊዜ አይመለስም። የምቸኩለው ለዚህ ነው።» ሦስት መድኃኒት ነው፣ ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚን፣ ዳፕሶን፤ አንድ ላይ ኤም.ዲ.ቲ. ይሉታል። ዓመት ይወሰዳል። በነፃ ነው። መድኃኒቱ ከተጀመረ ወዲያው ወደ ሰው መተላለፉ ይቆማል። እስከዚያ አብረውኝ የበሉና ያደሩ ሰዎች ግን መመርመር አለባቸው። ሁሉንም ቀስ ብላ ነገረችኝ። እኔ ከሁሉም የሰማሁት የበሽታውን ስም ብቻ ነው።

ስለ ለምጻሞቹ ስንት ጊዜ ሰብኬ ነበር። ሁልጊዜ ራሴን የማቆመው ከኢየሱስ ጎን ነው። ያን ቀን ማዶ ቆምኩ።

ካህን ኅብስቱን በጣቱ ይይዛል። በሰው አፍ ያስገባል። ለኔ ጣት ማን አፉን ይከፍታል? ይህን እያሰብኩ በጭነት መኪና ቱርሚ ገባሁ። ማርታ ምን አሉህ ስትለኝ የነርቭ ቫይታሚን ሰጡኝ አልኳት።

ሦስት ወር ዋሸሁ። ሪፋምፒሲን ሽንትን ቀይ ያደርጋል፤ ሽንት ቤት ውኃ የምደፋው እኔ ብቻ ሆንኩ። ክሎፋዚሚን ፊትን ያጠቁራል፤ የቱርሚ ፀሐይ ነው አልኩ። ቀልዴን ጨመርኩ። ሰው ሲስቅ ጥያቄ አይጠይቅም። ማርታ የምትመረመርበትን ቀን ግን በየሳምንቱ ወደሚቀጥለው ሳምንት አሳለፍኩት። ለዚህ ቀልድ የለኝም።

አንድ እሑድ የዘርዐ ክህነታችን አለቃ አባ ጴጥሮስ ሊጎበኙን መጡ። ምሳ ላይ ማርታ በኔ ልትኮራ ፈልጋ «አባ፣ ብራዘር የሚሠራውን ላሳይዎ» አለችና ማንቆርቆሪያውን ጠቆመችኝ። እምቢ ብል ለምን እባላለሁ። ተነሳሁ። ያዝኩት። ሌላ ጊዜ አንስቼ ወዲያው ነበር የማስቀምጠው፤ ከምድጃው እስከ ጠረጴዛው ግን አምስት እርምጃ ነው።

ሥጋ ሲቃጠል ሸተተኝ።

የራሴ ነበር። አስቀመጥኩት። መዳፌ ነጭ ሆኗል። ሁሉም ያየኛል። እኔ ፈገግ እንዳልኩ ነኝ።

አባ ጴጥሮስ ወደ ጓዳ ይዘውኝ ገቡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ቁጭ ብለው ሰሙኝ። ካሁን አሁን ሻንጣህን አዘጋጅ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ማርታ ታውቃለች?»

«አታውቅም፣ አባ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እሷ ትስማ። ስለ ክህነትህ ከዚያ በኋላ እናወራለን። እሱን የሚወስነው ጣትህ አይደለም፤ ስትፈራ የምትሠራው ነው።»

ለማርታ ነገርኳት። «ሦስት ወር ሙሉ እያሳቅህ አብረኸኝ በላህ» አለች። ለሁለት ሳምንት ሳህኔን ስታስቀምጥልኝ ቀና ብላ አላየችኝም። ተመረመረች፤ ነፃ ነበረች። አብረውኝ የበሉት ሌሎቹም ነፃ ነበሩ። እኔን ነፃ ያወጣኝ ግን ውጤቱ አይደለም፤ በሦስተኛው ሳምንት ራሷ ቁስሌን ልታጥብ እጄን ስትስብ ነው።

ትምህርቴ አንድ ዓመት ቆመ። ለነርቩ ማበጥ ፕሬድኒሶሎን የሚባል መድኃኒት ተጨመረልኝና ሆስፒታሉ ቅርብ እንዲሆን ጂንካ ቁምስናው፣ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን፣ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ቀን ቀን የቁምስናውን አሮጌ መኪና በግራ እጄ እየፈታሁ፣ በቀኙ እንደ ሕፃን ጨርቅ መጭመቅ እየተለማመድኩ፣ ማታ ከእራት በፊት ደግሞ እጄን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ ቫዝሊን ቀብቼ፣ ስለማይሰማኝ በዓይኔ ጣት በጣት እየመረመርኩ ዓመቱ አለፈ። ዘርዐ ክህነት ውስጥ በየቀኑ የኅሊና ምርመራ እናደርጋለን፤ እኔ ቶሎ ነበር የምጨርሰው፣ ኃጢአቴ ትንሽ መስሎኝ። እጄን ስመረምር ነው የገባኝ። ቁስል አላመመም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ ዝም ብሎ እየሰፋ ነው፣ አብርተህ ካላየኸው አታገኘውም። ድሮ ሕመም እንዲርቅልኝ እጸልይ ነበር። ያን ዓመት ጥርሴን ሲያመኝ አመሰገንኩ። ሁለት ቀን ብቻ ነው ያመሰገንኩት፣ በሦስተኛው አስነቀልኩት።

ዓመቱ ሲሞላ ሐኪሟ ሕክምናዎን ጨርሰዋል አለችኝ። ትንሿ ጣቴ ግን እንደታጠፈች ቀረች። አባ ጴጥሮስ ጽዋ ውኃ ሞልተው ሰጡኝና ከቤተ መቅደሱ በር እስከ መንበረ ታቦቱ ሂድ አሉኝ። ፈሰሰ። ብዙ ሳምንት ፈሰሰ። በኋላ ግራ እጄን ከሥር አድርጌ፣ የቀኙን አውራ ጣትና አመልካች ጣት ብቻ አምኜ መሄድ ቻልኩ። አባም «ይበቃል፤ ወደ ትምህርትህ ተመለስ» አሉኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተቀባሁ። በክህነቴ ቀን ማርታ ከፊት ወንበር ነበረች፤ ፕሮቴስታንት ሆና ከሁላችን አብልጣ ዘመረች። ዋሌም መጣ። ይቅርታ ስጠይቀው፣ በሬው ዳነ ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ድኗል አልኩት። ሐኪሟን፣ አባ ጴጥሮስን፣ እነዚህን ሁለቱን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ይህን የምታነበው ወንድሜ፣ የምታነቢው እህቴ፣ ገላህ ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ስትነካው የማይሰማህ ቦታ ካለ ቅባት አትግዛ፣ ሂድና ታይ። ክኒኑን ሳትጨርስ አታቁም። እጅህ መደንዘዝ ከጀመረ ትኩስ ነገር በጨርቅ ያዝ፣ ማታ ማታም በዓይንህ ፈትሸው። አብረውህ ለሚበሉት ደግሞ በሦስተኛው ወር ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ንገራቸው።

ቀይ አፈር ከተማ፣ ገበያው ውስጥ፣ ጨው የሚሸጥ ሰው አለ፤ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። ሰላም ስለው ሁልጊዜ የሚዘረጋልኝ የእጁን አንጓ ነው። እጁ የቆሸሸ ሰው እንዲህ ያደርጋል፣ የሱ እጅ ግን ንጹሕ ነው። በሦስተኛው ገበያ ጠጋ ብዬ የኔን ጣት አሳየሁት። የጨው መስፈሪያውን አስቀመጠ። ቀጥሎ «አባ፣ ለሚስቴ እንዳይነግሩብኝ» አለኝ። እኔ አልነግራትም፣ አንተ ትነግራታለህ አልኩት። ስድስት ቀን ፈጀበት። በሰባተኛው ሁለቱም ጂንካ ሆስፒታል መጡ። እሱ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ሲመረመር፣ እሷ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ ተራዋ እስኪደርስ እጅጌዋን እስከ ክንዷ ጠቅልላ ትጠብቃለች።