ቤቱን የመረመረልኝ ሰው

ከከተማችን ከመርሳ በወጣሁበት ቀን ዋዜማ ማታ አባቴ ገና ሳይመሽ ተኛሁ ብሎ ጋቢውን ተከናነበ። እንዳልተኛ አውቃለሁ፤ ደህና ሁኝ ማለት አቅቶት ነው። እማየ ደግሞ ሻንጣዬን ትሞላለች፣ ታወጣለች፣ መልሳ ትሞላለች። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር፤ የሰፈራችን ወጣት ግማሹ ወደ ጅዳ፣ ግማሹ ወደ ሱዳን ይተም ነበር። እኔም በሱዳን በኩል ልሄድ ነው። ሲነጋ ከውርጌሳ በኩል መጥቶ ወደ ወልድያ የሚያልፈውን አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

የመንገዱን መከራ የሄደበት ያውቀዋል፣ ላልሄደበት ብነግረውም አያምነኝም። ካርቱም ላይ ዓመታት ከቆየሁ በኋላ ካናዳ ተቀበለችኝ። የደረሰኝ ከተማ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ያለ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት አንድ ተራራ እንኳ የለውም። ዊንተር በሚሉት ወራት ሽፋሽፍት ላይ በረዶ ይጋገራል። ከዚያ ደግሞ በጋው መጥቶ እንደ ወረዳችን እንደ ሀብሩ ቆላ ያነድዳል። የሀብሩስ ሙቀት ማንጎውን ያበስላል፤ እዚህ አንድ ማንጎ ገዝቼ ብቀምሰው እንጨት እንጨት አለኝ፣ ሆዴ ባሰኝና ጣልኩት።

የምኖረው ቤዝመንት ውስጥ ነበር፣ ከመሬት በታች ያለ ክፍል ማለት ነው። አንድ ቀን ሽሮ ልሠራ ሽንኩርትና በርበሬ ሳቁላላ አከራዬ የእሳት ማጥፊያ ተሸክሞ ገባ። ምግብ ነው ብዬ ብነግረውም አላመነኝም፤ ድስቱን ከፍቼ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየና ለሚበላ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እሱ ፊት ሳቅሁ፣ ሲወጣ አለቀስኩ።

ሥራዬ አረጋውያን መጦሪያ ነው። የሰው እናት አጥባለሁ፣ አበላለሁ፤ የራሴ እናት ግን አባቴ ከሞተ ወዲህ መርሳ ብቻዋን ናት። ነይ ባልኳት ቁጥር መልሷ አንድ ነው። «አንቺስ በሰው ቤት አይደል ያለሽው? መጀመሪያ ቤት ይኑርሽ፣ ያኔ እመጣለሁ» ትለኛለች። እኔም ቃሏን ይዤ ስንት ዓመት የሌሊት ተራ ሠራሁ። ሌላ የምኖርለት ነገር አልነበረኝም። በመጨረሻ ባንኩ ሊያበድረኝ እሺ ሲል አንዲት ትንሽ ቤት አገኘሁ።

ከመፈረምሽ በፊት ሆም ኢንስፔክተር ቅጠሪ አለችኝ ደላላዋ፤ ቤት የሚመረምር ሰው ነው። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ እንደምታውቁት፣ እኛ ዘንድ ቤት የሚገዛ ሰው ብቻውን አይሄድም። አንዱ ሽማግሌ ግድግዳውን መታ መታ ያደርጋል፣ አንዱ የጎረቤቱን ጠባይ ያጣራል፣ ከዚያ ተቀምጦ ተበልቶ ግዛው ወይም ተወው ይባላል። ኢንስፔክተር ማለት ተከፍሎት የሚመክር ሽማግሌ መስሎኝ፣ ዶሮ ወጥ ሠርቼ በሣህን ተሸክሜ ሄድኩ።

ሮን ይባላል፣ ፀጉሩ የነጣ ዝምተኛ ሰውዬ ነው። በመሰላል ጣራው ላይ ወጣ፣ ከዚያ በባትሪ ምድር ቤቱን በረበረ፤ እኔም ከኋላ ከኋላው። መሬቱ በብርድ ቀዝቅዞ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰምጣል፣ ግድግዳውም የተሰነጠቀው በዚህ ነው አለኝ። ቤቱን የሚያሞቀው ማሽን አርጅቷል፤ በብርድ ቀን ከቆመ ቧንቧው ሁሉ ይፈነዳልና በዊንተር ቤቱን ያለ ሰው አትተዪው አለኝ። ሰውማ አለ፣ እናቴ ትመጣለች አልኩት በኩራት።

ወጡን ሳቀርብለት ከደንበኛ ምንም መቀበል ክልክል ነው ብሎ እጁን ሰበሰበ። ምክሩን ሳይነግረኝ ሊሄድ መሰላሉን ሲያጥፍ ደነገጥኩ።

«እና ልግዛው?»

«እሱን እኔ አልናገርም። ያየሁትን ነገርኩሽ፣ ውሳኔው ያንቺ ነው።»

«እርስዎ ቢሆኑስ ይገዙታል?»

ቀና ብሎ አየኝ። «የምታማክሪው ሰው የለሽም?» አለኝ ቀስ ብሎ።

በክፋት አልነበረም የጠየቀኝ። ግን ቅስሜ ስብር አለ፤ በዚያ ሁሉ አገር አንድ ስም እንኳ ልጠራለት አልቻልኩም። እሱም መሰላሉን መልሶ አስቀመጠና ስንጥቁ የቆየ ነው፣ አያሰጋሽም አለኝ። ደንቡ የፈቀደለት ይህን ያህል ይመስለኛል።

ገዛሁት። ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ለእማየ አነጠፍኩና ስልክ ደወልኩ። ያን ጊዜ ሞባይል መርሳም ገብቷል፤ ጎረቤቶቿ ቤቷ ተሰብስበው ሲያወጉ ነው ስልኬ የደረሰው።

«እማየ፣ ቤቱ ተገዛ። የመምጫሽን ወረቀት ልጀምር?»

«ልጀ፣ እኔማ ያን ያልኩሽ አንቺ በሰው ቤት እንዳትቀሪብኝ ብየ ነው። አባትሽን እዚህ አፈር አልብሸ፣ እነዚህን ሰዎች ጥየ የት እሄዳለሁ? ሥራ ስትሄጅስ ከማን ጋር እውላለሁ?» አለችኝ።

ተናደድኩ። እያወቀች አታለለችኝ ብዬ ልጮህባት ስል፣ «ቆይ፣ ቤቱን ዱዓ እናርግልሽ» አለችና ስልኩን ወደ ሴቶቹ አዞረችው። አላህ ቤቱን የሰላም ያድርገው ስትል አሚን አሉ። ድምፃቸውን አንድ በአንድ ለየሁት፤ እትየ ዘይነባ አለች፣ የወፍጮ ቤቷም ሴትዮ አለች። አላህ ሰው የሚገባበት፣ ሰው የሚወጣበት ቤት ያድርግልሽ ስትል እንደገና ሁሉም አሚን አሉ።

እኔም ባዶው ክፍል ውስጥ ቆሜ አሚን አልኩ። እማየ አልሰማችኝም መሰለኝ፣ «አሚን በይ እንጅ ልጀ» አለችኝ።