ቤት ውስጥ የደረቀ ቀሚስ

ቤት ውስጥ የደረቀ ልብስ ሽታ ዐረብ አገር፣ ሲን ኤል ፊል የሚባል ሰፈር ጥግ፣ ከረጃጅሞቹ ሕንጻዎች ሥር ወደተለጠፈችው የቆርቆሮ ቤታችን ይመልሰኛል። እናቴ በሠራተኝነት ከገባችበት ከማዳሟ ቤት ጠፍታ የወጣች ስለነበረች እሷም እኔም የመኖሪያ ወረቀት አልነበረንም። የራሷን ልብስ ውጭ ታሰጣለች፤ የእኔን ግን አልጋችን ራስጌ።

አንድ የፋሲካ ዋዜማ ቢጫ ቀሚሴ አልደርቅ ሲላት ፀሐይ ላይ አወጣችው። ወዲያው ከላይ ካለው በረንዳ አንዲት ሴት በዐረብኛ፣ «የማን ነው?» አለቻት።

«የማዳሜ ልጅ ነው፤ ላጥበው አምጥቼው ነው» ብላ እናቴ እየሳቀች መለሰች።

ቀሚሱን እንደረጠበ ይዛ ገባችና በሩን ዘጋች።

«የኔ አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«ያንቺ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ግን ልብስ ያሳብቃል። ኸላስ፣ በቃ፣ ዝም በይ።»

ምን ብሎ እንደሚያሳብቅ ለመስማት ጆሮዬን እርጥቡ ቀሚስ ላይ ለጠፍኩ።

አሁን ወረቀት አለኝ፤ ፀሐይ የሚገባው በረንዳም አለኝ። የልጄን ልብስ ግን ዛሬም መኝታ ቤት ነው የማሰጣው። ጠዋት ያልደረቀ ካልሲዋን ከራስጌዋ አንስታ አየችኝና፣ «እማዬ፣ ይሄን ከማን ነው የምንደብቀው?» አለችኝ።