የታካውንጉ መታጠፊያ

ምሥራቅ እትዬ እህተማርያምን ያገኘቻት በአጋጣሚ ነው፤ ከካሳራኒ ወደ ናይሮቢ መሃል ከተማ በሚሄድ የማታቱ ታክሲ ውስጥ። ገብታ ወንበር ስትፈልግ ቀድሞ የደረሳት የበርበሬ ሽታ ነበር። ዞር ብላ ብታይ እትዬ እህተማርያም ከመስኮቱ ጥግ ተቀምጣለች፤ ማዳበሪያ ሙሉ ሽሮ በእግሮቿ መሃል አቁማ፣ የበርበሬውን ፌስታል ጭኗ ላይ አቅፋ። ከተማ ውስጥ ላሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባልትና የምታቀርበው እሷ ናት።

«እትዬ፣ እርስዎን ፍለጋ ሱቅዎ ድረስ ልመጣ ነበር እኮ» አለች ምሥራቅ አጠገቧ እየተቀመጠች።

«ሱቄ የት ሄዶ። አንቺ ነሽ እንጂ የማትመጪው። ሽሮ የምትገዢው ከሱፐርማርኬት ነው አሉኝ።»

«ማነው እንደዚህ ስሜን የሚያጠፋው?»

«ሽሮው ራሱ። ፊትሽ ላይ ያስታውቃል።»

ሁለቱም ሳቁ። ማታቱው ቲካ መንገድ ላይ ወጥቶ ትንሽ እንደተንደረደረ የመኪና ጃም ውስጥ ገብቶ ቆመ።

ምሥራቅ ኪሱሙ ኖራ ናይሮቢ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። ማርያም ማኅበር ውስጥ ብትገባ ቀልጣፋነቷን አይተው የዘንድሮውን ጉዞ አዘጋጂ ብለው ጫኑባት። ማኅበሩ የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሳይመለሱ፣ አውቶቡስ ይዞ አንድ ቦታ ደርሶ የመምጣት ልማድ አለው። አምና ወደ ባሕሩ ዳርቻ ነበር የተሄደው። ዘንድሮም ሰዉ ሁሉ ባሕር ካልሆነ ብሏል።

«ሞምባሳ ደርሶ ፎቶ ተነስቶ መመለሱን ማንም አያቅተውም» አለች ምሥራቅ። «እኔ የምፈልገው ከዋናው መንገድ ገባ ያሉ፣ ቱሪስት ያላጨናነቃቸው ቦታዎችን ነው። ማን ያውቃል ብዬ ብጠይቅ ሁሉም እርስዎን ጠሩልኝ። አምና የት የት እንደሚቆም ያወጡት እርስዎ ነበሩ አሉ። በዚያውም ለምን ከማኅበሩ እንደቀሩ ልጠይቅዎት ብዬ ነው።»

እትዬ እህተማርያም ፌስታሉን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገችው። «ሁሉም ጠሩኝ? ማዕዶትም?»

«ሰብሳቢያችን ራሷ ናት ቀድማ የጠራችዎት።»

«ትጥራኝ፤ መቼም ክፉ ሰው አይደለችም።» በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። «በይ ስሚኝ፤ ጃሙ እንደሁ አይለቀን።»

ምሥራቅ ወሬ ካገኘች መውረጃዋን የምትረሳ ሰው ናት። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ዞራ ተቀመጠችላት።

እህተማርያም የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ባሏን ይድነቃቸውን ተከትላ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ስትገባ ባሕር የሚባል ነገር በሥዕል እንጂ በዓይኗ አይታ አታውቅም ነበር። እሱ ኢምባካሲ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ካሉት የጭነት መጋዘኖች በአንዱ ተቀጠረ፤ እሷ በርበሬ መቀንጠስ ጀመረች። የወለዱት አንዲት ሴት ልጅ ነው፤ ሳምራዊት። ልጅቷ በበርበሬ ጆንያዎች መሃል አደገች። ትምህርት ቤት ስትሄድ ዩኒፎርሟ ሳይቀር ይሸት ስለነበር፣ እሷ ክፍል ስትገባ መምህሩ ያስነጥሳል እያሉ ጓደኞቿ ይስቁባት ነበር።

ኮሌጅ ገባችና ሱፍዋንን አገኘች። ሱፍዋን ከኬንያ ባሕር ዳርቻ የመጣ ነው፣ የጀልባ ሞተር የሚጠግን፣ ረጋ ያለ ልጅ። እናትና አባት ነገሩን ሲሰሙ ኒካው ታስሮ አልቋል። ሽማግሌ ተሰበሰበ፣ ቄሱም መጡ፣ የማኅበሩም ሰዎች መጡ። ይድነቃቸው ሁሉም ባሉበት ብድግ ብሎ፣ «የእሷን ደጃፍ የረገጠ የእኔን ደጅ እንዳይረግጥ» አለ። ሲናገር ሚስቱን አላያትም፤ ለማን እንደተናገረ ግን እዚያ የነበረ ሁሉ ገብቶታል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የሳምራዊት ስም ተነስቶ አያውቅም።

«ስልክ ግን ደጃፍ የለውም» አለች እህተማርያም።

ባሏ ሥራ ሲሄድ ከሱቁ ጓዳ ትገባለች፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ የልጇን የድምፅ መልእክት ትሰማለች። ሳምራዊት ታካውንጉ ነበር የምትኖረው። ከሞምባሳ ወደ ማሊንዲ ሲሄዱ፣ ኪሊፊ ሳይደረስ ከአስፋልቱ ወደ ቀኝ ገባ ብሎ ያለ የድሮ መንደር ነው። ወንድ ልጅ ወልዳለች፣ ጃፈር ይባላል። አንዳንዴ እሱም ስልኩን ይቀማትና «ቢቢ» ይላል። አያቴ ማለቱ ነው።

አምና ማኅበሩ ባሕር ሲል እህተማርያም ልቧ ዘለለ። ጉዞውን እኔ አዘጋጃለሁ አለች። ማታ ልጇ ትነግራታለች፣ በማግስቱ እሷ ለማኅበሩ ትናገራለች። ራባይ የሚባል ኮረብታ ላይ ያረጀ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ እዚያ ቆመን እንለፍ አለች። ቀጥሎ ታካውንጉ አለች። ቃጫ የተተከለበት መሃል በአቧራው መንገድ ገባ ይባላል፤ ባሕሩ እንደ ወንዝ ወደ መሬት ይገባል፤ ከድንጋዮቹ መሃል ትንሽ አሸዋ አለች፣ ውሃው ሲሸሽ ብቻ የምትገለጥ። ምሳ የመንደሩ ሴቶች ያበስሉልናል አለች። እንዴት አወቅሽ ስትባል «የባሕሩ ዳርቻ ደንበኛ አለኝ» ትላለች።

«እህተማርያም፣ ባሕሩን የቆፈርሽው አንቺ ነሽ እንዴ?» አለቻት ማዕዶት፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ። ሰዉ ሳቀ፤ እህተማርያምም አብራ ሳቀች።

ሐሳቧ ይህ ነበር። የባሕር ዳርቻ የማንም ደጃፍ አይደለም። እሷም ሄዳ አይደለም፤ አውቶቡስ ወስዷት ነው። ምሳውን ከሚያቀርቡት ሴቶች አንዷ ልጇ ብትሆን ማን ምን ይላል? ሳምራዊትም የሰዉን ጠባይ አልረሳችም። «እማ፣ ሥጋ አላደርግም» አለች በመልእክቷ። «እስላም ያረደውን ማን ይበላል ብለው እንዳይሳቀቁ ዓሣ ብቻ ነው፤ ከኮኮናት ሩዝ ጋር። ዓሣ መቼም የሚባርከው አይፈልግም። ደግሞ ረፋድ ላይ ድረሱ፣ ውሃው ሳይሞላ።»

ቤት ውስጥ ማረፊያዎቹን ለይድነቃቸው በቃሏ ስትቆጥርለት የጫማውን ክር እየፈታ ነበር። ታካውንጉ ላይ ስትደርስ እጁ ቆም አለ፤ ከዚያ መፍታቱን ቀጠለ። በማግስቱ፣ «እኔም እሄዳለሁ» አላት። የማኅበር ጉዞ ሄዶ የማያውቅ ሰው ነው።

«እኔን ሊጠብቅ ነው ብዬ አሰብኩ» አለች እህተማርያም። «እንዳልወርድ። ሌላ ምን ልበል?»

ኮንዳክተሩ መጥቶ ማዳበሪያው የማን ነው ብሎ በእግሩ ገፋ አደረገው። እትዬ እህተማርያም በስዋሂሊ አንድ ነገር አለችው፤ እግሩን ሰብስቦ ሄደ።

አውቶቡሱን የነዳው ተስፋዝጊ ነበር። ምጽዋ ያደገ፣ ከናይሮቢ ሐበሻ ሁሉ ቀድሞ የመጣ የሚመስል ኤርትራዊ ሽማግሌ ነው። ራባይ ቆሙ፣ ጸሎት አደረሱ፣ ሰዉ እህተማርያምን መረቃት። ሞምባሳ አደሩ። በማግስቱ ጠዋት ምትዋፓን እንዳለፉ ማዕዶት ማይክሮፎኑን ያዘች።

«ወገኖቼ» አለች፤ «ማሊንዲ አንዲት እህታችን ሐበሻ ምግብ ቤት አላት፤ ምሳ አዘጋጅታ እየጠበቀችን ነው። ታካውንጉ የምንለው ቦታ መንገዱ አቧራ ነው፣ ሕፃናትም አሉ። ብንተወውስ? ቀጥታ ማሊንዲ የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

እጁ ሁሉ ወጣ።

«የእርስዎስ?» አለች ምሥራቅ።

«የእኔም ወጣ።»

ምሥራቅ ዞራ ፊቷን አየቻት።

«ምን ላድርግ? ሁሉም አውጥቶ እኔ ባላወጣ ዞሮ የሚያየኝ እኔን ነው። ለምን አልሽ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ፣ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ? ያላወጣው እሱ ብቻ ነበር። ወደ ቃጫው እርሻ ዞሮ ዝም ብሎ ያያል። አኩርፏል አልኩ። እዚያ ድረስ ያሰብኩትን አውቆብኛል፣ ማታ ቤት ስንገባ ጉድ ነው አልኩ።»

መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ተስፋዝጊ አውቶቡሱን አቀዘቀዘው። በመስታወቱ ወደ ኋላ፣ ወደ እሷ አየ። «ሽንት የያዘው ሰው አለ? እዚህ ጋ መቆሚያው ጥሩ ነው» አለ ጮክ ብሎ።

«አሁን ወጣን እኮ፣ ንዳው» አለው አንዱ ከኋላ። ሌላውም፣ «አባባ ተስፋዝጊ ራሱን ይዞት ነው» አለና ተሳቀ። እህተማርያም ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ከበሮው ተመታ፣ መዝሙር ተጀመረ።

ቦዳቦዳ የሚባሉት የኪራይ ሞተር ሳይክሎች ከሚቆሙበት ዛፍ ሥር ጥቁር ቡይቡይ፣ የአገሩን አባያ፣ የለበሰች ሴት ቆማለች፤ ልጅ ይዛለች። ከአስፋልቱ እስከ መንደሩ መንገድ ልታሳያቸው ነበር የወጣችው። ልጁ እጁን አውለበለበ። «ለአውቶቡስ ሁሉ ያውለበልባል እኮ» አለች እህተማርያም፤ «ልጅ አይደለም?» እሷ ከመስኮቱ እጇን አላነሳችም። ያን ያህል ቅርብ ነበሩ፤ የነጠላ ጫማውን ቀለም አይታለች።

ማሊንዲ ሲደርሱ ምሳው ሽሮ ነበር። አንድ ጉርሻ ቀምሳ አወቀችው። የራሷ ሽሮ ነው፤ በዚያው ወር ከናይሮቢ በአውቶቡስ የላከችው። ሰዉ እጁን እየላሰ፣ «እንዲህ ያለ ሽሮ ናይሮቢ አልበላንም» ይላል።

ምሥራቅ ሳቋ አመለጣት፤ ደንግጣ አፏን ያዘች።

«ሳቂ፤ እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው እስቅ ነበር።»

ማታ ሳምራዊት መልእክት ላከች። ድምፅ አልነበረም፣ ጽሑፍ ነው። «እማ አይቻችኋለሁ። ዓሣውን ለጎረቤት ሰጠነው። ደህና ግቡ።» ከዚያ እህተማርያም ደጋግማ ብትደውል አላነሳችም። ወር ሳይሞላ ሱፍዋን ኦማን፣ ሙስካት ሥራ አገኘና ጠቅልለው ሄዱ። አሁን አልፎ አልፎ ፎቶ ይመጣል። የልጁ ድምፅ ግን አይመጣም።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው ተስፋዝጊ ሱቋ የመጣው። በርበሬ ሊገዛ መስሏት ነበር። «እህተማርያም፣ እኔስ ልቆምልሽ ነበር» አላት። «ማዕዶት ጠዋት ሞምባሳ ላይ፣ እዚያ እንዳትቆም ብላ አስጠነቀቀችኝ። ልጅቷ እዚያ መሆኗን ሰምታለች፤ ሁላችንም ሰምተናል።»

እህተማርያም ሱቋን ዘግታ ማዕዶት ቤት ሄደች። ማዕዶት አልካደችም። እያለቀሰች፣ «ለአንቺ ብዬ ነው» አለቻት። «ይድነቃቸው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንድ ነገር ቢናገርሽ፣ ልጅቷን ቢያባርራት፣ በምን ዓይንሽ ልታዪን ነው? አንቺን ከውርደት ላድን ብዬ ነው እህቴ። ሰዉም ይህንኑ ብሎ ነው እጁን ያወጣው።»

«ብትጠላኝ ኖሮ ተጣልቻት ይወጣልኝ ነበር» አለች እህተማርያም። «ለእኔ ብላ ነው። ወድዳኝ ነው። ታዲያ ከዚህ በኋላ ከእሷ ጋር ጠበል ጻዲቅ እንዴት ብዬ ልቅመስ?»

ማታቱው ፓንጋኒን አልፎ ወደ ከተማ ቁልቁል ጀመረ። ሰዎች ለመውረድ ዕቃቸውን መሰብሰብ ያዙ። ምሥራቅ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያንጠለጠለች፣ «ጋሽ ይድነቃቸውስ? ያን ዕለት ማታ ምን አሉ?» ብላ ጠየቀች።

«ምንም። ተኛ።»

ፌስታሉን ከጭኗ አንስታ ማዳበሪያው ላይ አስቀመጠችው።

«ለመስቀል ኮቱን ላጥብለት ብዬ ኪሱን ፈተሽኩ። የክት ኮቱ ነው፣ ከዚያ ጉዞ ወዲህ አልለበሰውም። ትንሽ አውሮፕላን አገኘሁ፣ የፕላስቲክ። አየር ማረፊያው በር ላይ ለልጆች የሚሸጡት ዓይነት። ከማሸጊያው እንኳ አልወጣም።»

«እና ምን አሉት?»

«ምን እለዋለሁ? ልጆቹ ሙስካት ናቸው። መልሼ ኪሱ ከተትኩት፣ ኮቱንም ሳላጥብ ሰቀልኩት። በሳምንቱ ራሱ ሲያጥበው አገኘሁት። ሚስት እያለህ ምነው ስለው፣ ‹ሥራ በዝቶብሻል› አለኝ። አሁንም ያን ኮት ራሱ ነው የሚያጥበው።»

ወረዱ። ምሥራቅ ማዳበሪያውን በአንድ ጎን ይዛ እስከ ምግብ ቤቱ ደጅ ድረስ አብራት ሄደች። እዚያ ሲደርሱ፣ «እትዬ፣ እኔ ይህን መንገድ እተወዋለሁ» አለቻት። «ወደ ደቡብ፣ ወደ ዲያኒ በኩል እንሄዳለን። በዚያ አናልፍም።»

እትዬ እህተማርያም ማዳበሪያውን ተቀብላ ከበሩ አስደገፈች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ምሥራቅንም ሦስት ጊዜ ሳመቻት።

«የለም፣ እዚያው ቁሙ» አለች። «ታካውንጉ ያምራል አሉ። የውሃውን ሰዓት ብቻ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከሞላ በኋላ ከደረሳችሁ የምትቆሙበት መሬት አታገኙም።»